ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ

ስም አልጠራም። ይህን አስቀድመን እንስማማ። የምጽፍባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹም፣ ይገርማችኋል፣ ያነብባሉ። ስለዚህ አንዱን ኢንጂነሩ እለዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ከክርስትና ስሙ ይልቅ ይህንን ይወዳል። የቢሮውን ባለቤት ሐጂ እላቸዋለሁ፤ ጅቡቲ ውስጥ «ሐጂ!» ብላችሁ ብትጣሩ መንገድ ሙሉ ሰው ስለሚዞር ማንም አይታወቅበትም። ለእኔ ስም አትፈልጉልኝ። ሾፌሮቹ «እትዬ ኮምፒውተር» ይሉኝ ነበር፤ እሱን መከልከል አልቻልኩም።

ለምን ወደ ጅቡቲ እንደመጣሁም አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቃሉ። የማያውቁት ደግሞ እዚህ ገጽ ላይ አያገኙትም።

ነገሩ የሆነው አዲሱ ባቡር ገና ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ሳይደርስ፣ የአገራችን ዕቃ ሁሉ በከባድ መኪና ጀርባ በሚሄድበት ዘመን ነው። እኔ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። መርከቡ ዕቃውን ያወርዳል፣ እኛ ወረቀቱን እንጨርሳለን፣ መኪናው ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። የእኔ ፕሮግራም የትኛው ዕቃ በየትኛው መኪና እንደሚወጣ ይወስናል።

ቢሮው ውስጥ ክሊማቲዘር፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣ፣ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ። ለእኔ ተብሎ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሙቀት ስለማይወድ ነው። እኔ ሙቀት እወድ እንደሆነ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ከማሽኑ ጋር ተደርቤ ቀዘቀዝኩ። በሐምሌ ጅቡቲን ላላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነው። ነፋሱ ራሱ ሲመጣ የምድጃ በር የተከፈተ ይመስላል። ቢሮው ፊት ለፊት ሾፌሮች የሚስተናገዱበት መስኮት አለ፤ ጊሼ ነው የምንለው። እዚያ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች፤ ቬንቲላተሩ ደግሞ ትኩሱን አየር ከአንዱ ሾፌር ብብት ወደ ሌላው ያመላልሳል። በእኔ ዕድሜ ጊሼ መቀመጥ ማለት ተቀቅሎ መውጣት ነው።

ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባው ሸሪካችን ተልኮ መጣ። እንተዋወቃለን። ድሮ አንድ የኮምፒውተር ኮርስ አብረን ወስደናል። ፈተና ላይ ከኋላዬ ይቀመጥ ነበር። ከዚህ በላይ አልልም። እሱ ውጭ አገር ተላከ፤ እኔ ታይፕ ክፍል ተላክሁ። ከዚህ በላይም አልልም።

ክፍሌ ገባ። መጀመሪያ ክሊማቲዘሩን አየ፣ ቀጥሎ ማሽኑን፣ በመጨረሻ እኔን።

«አንቺ አሁንም ኮዱን በእጅሽ ትጽፊያለሽ?»

«በምን ልጻፈው ታዲያ? በእግሬ?»

«ዓለም እኮ ወደ ላይ ወጥቷል» አለ። «ዛሬ ፕሮግራም አይጻፍም፣ ይሣላል። አንቺ ገና ታች ነሽ።»

ታች መባል አልወድም። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ይቺ «ወደ ላይ» የምትል ቃል እኔንም ስታብሰለስለኝ የኖረች ነች። ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ማሽን የሚያውቀው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው። ድሮ ሰዎች በዚያው ቋንቋ ያወሩት ነበር፤ ይህን ቁጥር ከዚህ አንሳ፣ እዚያ አስቀምጥ፣ አሁን ወደ ኋላ ተመለስ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለማስመጣት እያንዳንዱን ጣት በየተራ እንደማዘዝ ነው። ከዚያ አንዱ ብልህ ተነሣና «ውሃ አምጣ» የምትል ቃል ፈጠረ፤ ጣቶቹን የማዘዙን ጣጣ ከቃሏ ሥር ቀበረው። ሌላው መጣና ከዚያ በላይ ሌላ ቃል ደረበ። ሁሉም በየዘመኑ «አሁን ማሽኑ እንደ ሰው ገባው!» እያሉ ጨፈሩ። እኔ የተማርኩትን የማሽን ቋንቋ፣ ኮቦልን፣ ሲሸጡት እንግሊዝኛ ነው፣ ሥራ አስኪያጅም ያነበዋል ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ ያነበበው ሥራ አስኪያጅ አላየሁም።

የኢንጂነሩ አዲስ ነገር ሣጥንና ቀስት ነበር። ሣጥን ትሥላለህ፣ ቀስት ታወጣለህ፣ ማሽኑ ይሠራል። «መኪናው ከሞላ አቁም» የሚለውን በሣጥንና በቀስት ሥሎ ሲጨርስ ግድግዳዬን ሞላው። ቀስቱ በቀስት ላይ ተጠማዝዞ፣ የሾፌሮች ምግብ ቤት ሣህን ላይ የተከመረ ፓስታ መሰለ።

«ይህ ነው ላይ?» አልኩት።

«አይገባሽም» አለኝ።

አለመግባቴን ይዤ ሐሙስ ከሰዓት እታለም ዘንድ ሄድኩ። እታለም ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጥራ እዚያው የምትኖር ወዳጄ ነች፤ እሷን በስሟ ብጽፋት ደስ ይላታል። በጓሮ በር አስገባችኝና እጇ ሥራ ሳይፈታ ታወራኝ ጀመር።

«ዛሬ ምን አዘዘችሽ?» አልኳት።

«‹ሰው ይመጣል› አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? ሰው ይመጣል፣ በቃ! ዓሣውን እኔ፣ ጠረጴዛውን እኔ፣ በረዶውን እኔ፣ ውሻውን ማሰር እኔ።»

«ይህን ሁሉ ‹ሰው ይመጣል› ከምትለዋ አወጣሽው?»

«መጀመሪያ ስገባማ እያንዳንዱን ነበር የምትነግረኝ፤ ሹካው በግራ፣ ቢላው በቀኝ። ኋላ ለመድን።» ከዚያ ሣቋ መጣ። «አንድ ጊዜ ጠዋት ስትወጣ ‹ሰው ይመጣል› ብላኝ ሄደች። ለካ የቧንቧ ሠራተኛው ነው! የብር ሹካውን ደርድሬለት፣ ዓሣውን በሎሚ በልቶ፣ ‹ማዳም የት ናቸው?› እያለ ወይኑን ሲጎነጭ ደረሰች።»

«ቧንቧውስ?»

«እሱማ እስካሁን ያንጠባጥባል።»

ከእታለም ቤት ስወጣ አእምሮዬ በርቷል። ላይ ማለት ይህ ነው! ሥዕል አይደለም፣ ቀስት አይደለም፤ አንድ ተራ የሰው ቃል ነው፣ ከሥሩ ሁሉ ነገር ያለበት። ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ክፍል ያን ያህል አላሰብኩም። ሰው ከወሬ የሚወስደው የሚፈልገውን ነው።

እናም በአማርኛ የሚታዘዝ ቋንቋ ሠራሁ። ስትስቁ ይታየኛል። ኢንጂነሩም ሥቋል። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊደል ማሽን ላይ ማስገባት ራሱ ትግል ነበር፤ አንዱ ማሽን ላይ «ሰላም» የጻፍከው ሌላው ላይ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። ቢሆንም ሠራሁት። ደንቡ ቀላል ነው፤ በአራት ነጥብ የተዘጋ ነገር ሁሉ ትእዛዝ ነው። ማሽኑ ግሡን ፈልጎ ያገኛል፣ ዕቃውን ፈልጎ ያገኛል፣ ያዛል።

የምኮራበት ግሡን የሚያገኝበት ዘዴ ነበር። የእኛ ሰው አንድ ነገር በአንድ አፍ አይናገርም። አንዱ «ጫን» ይላል፣ ጨዋው «ይጫኑ» ይላል፣ ለማኙ «ይጫንልኝ» ይላል። የእኔ ማሽን የፊቱንም የኋላውንም ገፍፎ ሥሩ ላይ ይደርሳል። ጨዋ ተናገረው፣ ባለጌ ተናገረው፣ እሱ ዘንድ ጫን ጫን ነው። የመጋዘኑ የጫኞች አለቃ፣ ሼፍ የምንለው የዚሁ አገር ሰው፣ አማርኛ ስለማያነብ ትእዛዙ በፈረንሳይኛ ታትሞ ነው የሚወጣለት። መዝገበ ቃላቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ካለው ሁሉንም አስገባሁለት፤ ስስት አልወድም።

ሐጂ ሁለታችንንም ጠሩን። የሾፌር አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ ሲቆጡ ወደ ዓረብኛ ይሻገራሉ።

«ኢንጂነር ክፍሉን ይፈልጋል። ማዳም ክፍሉን አትለቅም። እኔ ደክሞኛል» አሉ። «ቅዳሜ አንድ መኪና ይጫናል፤ በማሽኑ ትእዛዝ ብቻ። ማዳም፣ ያንቺ ቋንቋ ያዛል። ኢንጂነር፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አንተ ታሳምራለህ። ሼፍ ወረቀቱ ያለውን ይጭናል። ማንም በአፉ አይናገርም። ያበላሸ ሰው ሙቀቱ እስኪያልፍ ጊሼ ይቀመጣል።»

ኢንጂነሩ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም የጊሼውን ቬንቲላተር አሰብን።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ከኋላዬ ቆሙ። መኪናው የተካ ነው፤ ስሙ ተካ አይደለም፣ ግን ተካ እንበለው። ሐጂ በቃላቸው አስጻፉኝ፦ «ተካ መኪና ላይ ሳሙናውን ጫን።» አራት ነጥቡን መታሁ። ፕሪንተሩ ጮኸ፤ ወረቀት ወጣ። ሳሙና፣ የተካ ሰሌዳ ቁጥር፣ ሁሉም በቦታው።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለ ኢንጂነሩ። «የእኔን ይመልከቱ።»

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። በሰማያዊው መካከል በትልልቅ ነጭ ፊደል እንዲህ የሚል መጣ፦ «ለመቀጠል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ።» ያን ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ገብቶ፣ ሳይነግረኝ ከፕሮግራሜ መጨረሻ ላይ የጨመረው ነው። ሐጂ ደስ አላቸውና አንዱን ራሳቸው ጫን አደረጉ። ፕሪንተሩ እንደገና ጮኸ። ሌላ ወረቀት ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ኮፒ ነው» አለ ኢንጂነሩ። ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንዲህ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ለዚህ ነው ውጭ አገር የላኩት። እኔም ኮፒ መሰለኝና ዝም አልኩ። ሁለቱም ወረቀቶች ለሼፍ ተላኩ። መኪናው ከምሳ በፊት ወጣ። ሐጂ ጨበጡን፣ ቤታቸው ገቡ። ከቀትር በኋላ ጅቡቲ ጫት ደርሶ ከተማው ሁሉ ጋደም የሚልበት ሰዓት ነው፤ መንግሥት ቢገለበጥ እንኳ ጉንጩ እስኪሞላ የሚነሣ የለም።

ስልኬ ጮኸ። ተካ ነው። ከከተማው መውጫ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ከፒኬ ዱዝ ይደውላል።

«እትዬ ኮምፒውተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ሳሙና ይንሿሿል እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«ከኋላዬ ሽው ቅጭል፣ ሽው ቅጭል ይላል እኮ! ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር የማኅሌት ጽናጽል ነው የሚመስለው።»

«ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል!»

«የት እሄዳለሁ? ጫቴን እየጠበቅኩ ነው።»

በሕይወቴ ጫትን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የጉምሩክ ወረቀት የሌለው ዕቃ ይዞ ጋላፊ ድንበር ላይ ቢያዝ ኖሮ ተካ ከእስር ቤት ነበር የሚደውልልኝ።

መጋዘን ሮጥኩ። ሼፍ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሁለተኛውን ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

«ማዳም፣ ወረቀቱ ነው ያዘዘኝ። እዪ፣ ‹ካድና› ይላል። የጓንጉል ቁልፍ ነው፤ ነበረን፣ ጫንኩ። ‹ክሌ› ይላል። የብሎን መፍቻ ነው፤ ነበረን፣ ጫንኩ። ‹ቡቶን› ይላል። የሸሚዝ ነው፤ ነበረን፣ ጫንኩ። ከሥሩ ደግሞ ‹የትኛውም ይሁን› ይላል። የትኛው እንደሆነ ግራ ቢገባኝ፣ ላለመሳሳት ሁሉንም ጫንኩ።»

ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ቀስ እያለ ገባኝ። ማሽኔ የኢንጂነሩን ዓረፍተ ነገር አንብቦታል። በአራት ነጥብ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ትእዛዝ ነው። «ይጫኑ» የሚለውን ገፍፎ ሥሩ ላይ ደርሷል፤ ጫን። ምን ይጫን? ቁልፍ። የትኛው ቁልፍ? ማንኛውም። ለምን? ለመቀጠል። ከዚህ የጠራ የጭነት ትእዛዝ የት ይገኛል? ደነገጥኩ፤ ደግሞ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ትንሽ ደስም አለኝ። ገብቶታል እኮ! የተባለውን አንድም ሳያስቀር ገብቶታል።

ተካ መኪናውን መለሰ፤ ጫቱን ይዞ ስለመጣ አልተቆጣም። የሚያወርድ ግን የለም፤ ጫኞቹ ሁሉ ጋደም ብለዋል። ስለዚህ እኔና ኢንጂነሩ ወጣን። የሸሚዝ ቁልፉ ጆንያ ተቀድዶ ሳሙናው መካከል ፈስሷል። በዚያ ፀሐይ፣ መኪና ላይ ተንበርክከን፣ ቁልፍ ለቀምን። ተካ ከጥላው ሆኖ ያበረታታናል።

«ኢንጂነር፣ በግራዎ አንዲት ሮዝ አመለጠችዎት!»

ኢንጂነሩ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አንዷን ቁልፍ አንሥቶ እያገላበጠ፣ «ግን እንዴት ነው ሥሩን የሚያገኘው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ግሡን። ‹ይጫኑ› ብዬ ‹ጫን› ላይ እንዴት ደረሰ? እኔ በሣጥን ብሞክረው ግድግዳ አይበቃኝም።»

ነገርኩት። ፊቱን እንዴት እንደሚገፍ፣ ኋላውን እንዴት እንደሚገፍ፣ «አስጫነ» ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ። ቁልፎቹን ሳሙና ላይ እየደረደርኩ አሳየሁት። አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ደግሞ የሰነፍ አይደለም። አንድ ጊዜ እንደማልወደው ረሳሁ። ሙቀቱ ይሆናል።

«መጫን ግን ለምን ለሁለቱም አንድ ሆነ?» አለ።

«በቅሎ ላይ ስትጭን ቁልቁል ትጫናታለህ አይደል? ክብደት ማሳረፍ ነው ሁለቱም። በጣትህ ሲሆን ትንሽ ክብደት፣ በጆንያ ሲሆን ትልቅ።»

«እውነትም» አለ። በሕይወቱ «እውነትም» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

በዚህ መካከል ሐጂ ደረሱ፤ አንድ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሮ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። የዕቃዎቹ ባለቤቶች ቤታቸው ድረስ ሄደው ጮኸውባቸዋል።

«ማን ነው?» አሉ።

ኢንጂነሩ ከመኪናው ዘለለ። «የእሷ ማሽን ነው ሐጂ! እኔ ስክሪን ነው ያሳመርኩት። ድሮም ብያለሁ፤ ይህ ነገር ከታይፕ ክፍል ለመጣ ሰው የሚሆን አይደለም።»

እፍኝ ቁልፍ ይዤ ነበር። ላዩ ላይ ብበትንበት ደስታዬ ነበር፤ እንደገና መልቀም ይመጣል ብዬ ተውኩት።

«ማዳም?» አሉ ሐጂ።

«ስክሪኑ ‹ቁልፍ ይጫኑ› አለ። ማሽኑ ጣት መሆኑን አላወቀም፤ መኪና መሰለው።»

ሐጂ አሰቡ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያዙ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ» አልን ሁለታችንም።

የቢሯቸውን መክፈቻ ከኪሳቸው አወጡ። «ይህስ?»

«ቁልፍ።»

መኪናው ላይ ያለውን የጓንጉል ቁልፍ አሳዩ። «ይህ?»

«ቁልፍ።»

«ማሽኑ ላይ በጣቴ የመታሁት?»

«እሱም ቁልፍ።»

«ያ ረብ!» አሉ። «እናንተ እርስ በርሳችሁ እንዴት ትግባባላችሁ?»

ተካ ሣቀ። እኔ ግን ጥያቄው ያዘኝ። እውነት እንዴት ነው የምንግባባው? ሰው መጋዘን ውስጥ ቆሞ «ጫን» ሲለን ወደ ጀርባችን እናያለን፤ ማሽን ፊት ተቀምጦ ሲለን ወደ ጣታችን እናያለን። ከቃሉ ሥር የተቀበረው ነገር ቃሉ ውስጥ የለም፤ ተናጋሪው ወዴት እንደሚያይ አይተን ነው የምንጨምርበት።

«እናያለን፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ሰው የቆመበትን እናያለን። ማሽኑ አያይም። ያንን ልሰጠው አልቻልኩም፤ እንዴት እንደሚሰጥም አላውቅም።»

ሐጂ ጫታቸውን ወደ ሌላኛው ጉንጭ አዛወሩ።

«ማሽኑ ሁሉን ነገር ያዝዛል ወይስ የተዘጋውን ብቻ?»

«በአራት ነጥብ የተዘጋውን ብቻ።»

«አራት ነጥቡን ማን አደረገ?»

ኢንጂነሩ ደረቱን ነፋ። «ሰዋስው ነው እኮ ሐጂ! ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ አይተውም!»

ሐጂ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ለማንም ደግ አልነበረም። «እሷ ማሽኑ ለምን እንደተሳሳተ ነገረችኝ። አንተ ማን እንደተሳሳተ ብቻ ነገርከኝ። እኔ ነገ ማሽኑ ቢበላሽ የመጀመሪያው ነው የሚጠቅመኝ። ጊሼ።»

«ሐጂ፣ በዚህ ሙቀት—»

«ጊሼ።»

አንድ ቃል። ከሥሯ ወንበሩ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ቬንቲላተሩ አለ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ አለ። ሁሉም ሳይነገረው ገባው።

ሰኞ ክፍሌ ገብቼ የምኮራበትን ሥር ፈላጊ ከማሽኑ አወጣሁት። ለመኪናው «መኪና ላይ አውጣ» የሚል፣ ለጣቱ «በጣትህ ንካ» የሚል ሰጠሁት። ሕፃን የማናገር ይመስላል። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም፤ እኔም ያን ያህል አልወደድኩትም። ማታ ማታ እቤቴ ያንን ያወጣሁትን ዘዴ በወረቀት ላይ እነካካዋለሁ። ወዴት እንደምንመለከት ለማሽን የሚነገርበት ቃል ይኖር ይሆን? አላውቅም። ቢገኝም ለኢንጂነሩ አልነግረውም።

ኢንጂነሩ ሾፌሮቹ ከመስኮቱ ውጭ እየጮኹ ቢያስቸግሩት ደወል አስገጠመ፤ አጠገቡም «ደወሉን ይጫኑ» ብሎ ለጠፈ። አራት ነጥብ አላደረገበትም። ተካ ግን ወሬውን እስከ ሞጆ ያሉ ሾፌሮች ጆሮ አድርሶት ስለነበር፣ አንድም ሾፌር ዝም ብሎ አላለፈውም።

«ኢንጂነር፣ ደወሉ ስንት ኩንታል ነው? ተሳቢ ላምጣ?»

በክፍሌና በጊሼው መካከል ያለው ግድግዳ ግማሹ መስታወት ነው። ክሊማቲዘሩን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። መቀነስ ይቻላል፣ ግን አልቀነስኩትም። እታለም ማዳሟ ፈረንሳይ አገር ለበረዶ የምትለብሰውን ወፍራም ሹራብ አዋሰችኝ። ኢንጂነሩ በፎጣ ግንባሩን እየጠረገ ወደ እኔ ዘወር ሲል፣ የሹራቤን አንገትጌ ቀስ ብዬ እስከ አገጬ ከፍ አደርገዋለሁ።